የእናቶቻችንን እናት ማንም አልጠየቀም

ሰው ሕመሙን ሲጽፍ መጀመሪያ ላይ "ለሌላው ትምህርት ይሁን ብዬ ነው" ይላል። እኔ እውነቱን ልናገር፤ የምጽፈው ንዴቴ አልወጣልኝ ብሎ ነው። ትምህርት የሚያገኝበት ካለ ያግኝበት፤ አልጠላም። በተለይ ጅማና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጎሳ ተቆጥሮ፣ "ንጹሕ ነው" ተብላችሁ የተጋባችሁ ወይም ልትጋቡ ያሰባችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ስሜ ሰሚራ ነው። ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ቀበሌ ልብስ እሰፋለሁ፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሠርግ ቀሚስ፣ ሥራ ሲጠፋ መጋረጃም ቢሆን። ባሌ ነስሩ የሊሙ ገነት ከተማ ልጅ ነው። በቡና ወቅት ከገበሬው ቀይ ቡና እየሰበሰበ ለማጠቢያ ጣቢያው ያስረክባል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ያገኘውን ይሠራል። የተዋወቅነው ለታናሽ እህቱ ለሙና የኢድ ቀሚስ ሊያሰፋ መጥቶ ነው። ልኳን ሳይዝ መጣ። "ቁመቷ እዚህ ድረስ ነው" ብሎ ደረቱን አሳየኝ። ስቄበት ስቄበት ወደድኩት።

ሊያገባኝ ሲፈልግ ሽማግሌ ላከ። በእኛ ዘንድ ዘመድ ከዘመድ አይጋባም፤ ስለዚህ ሁሉ ነገር ከመጀመሩ በፊት ይቆጠራል። አባት፣ የአባት አባት፣ የእሱ አባት እየተባለ ሰባት ቤት ይወረዳል። ከዚያ የእናት ጎሳ ይጠየቃል፤ እሱም እንዳይገናኝ ይታያል። ከሊሙ የመጡት ሽማግሌ አባ ዲኮ ዓይናቸውን ጨፍነው የነስሩን ቅድመ አያቶች ሲዘረዝሩ አንድ ቦታ እንኳን አልተደናቀፉም። የእኔም አጎት እንደዚያው አደረገ። የአባት ጎሳ አልተገናኘም፤ የእናትም ጎሳ አልተገናኘም። ዱአ ተደረገ፣ ተመረቅን። እኛ ሴቶቹ ጓዳ ሆነን እንሰማ ነበር። ማንም ምንም አልጠየቀንም፤ የምንጠየቅም አልመሰለንም።

የመጀመሪያ ልጃችን ኢምራን ሲወለድ ደህና ነበር። አዋላጇ "ጎበዝ ልጅ ነው" ብላ ነው ያስታቀፈችኝ። ሦስተኛ ወሩን ሲይዝ ግን አንገቱ አልጠና አለ። ሳነሳው እጄ ላይ ይፈስሳል። እግሮቹን አያወራጭም፤ ወደ ጎንና ወደ ጎን ዘርግቷቸው ይተኛል። ለቅሶው እየቀጠነ ሄዶ የድመት ግልገል ድምፅ ሆነ። ዓይኖቹ ግን ሁሉን ነገር ይከታተሉ ነበር። የስፌት መኪናዬ ድምፅ ስታሰማ ዞር ማለት ባይችልም በዓይኑ ይፈልገኝና ይስቅ ነበር። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው፤ አእምሮው ምንም አልጎደለውም ነበር።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ "የሳንባ ምች" ብለው መርፌ ወጉት። ሲመለስበት እንደገና ወሰድኩት፤ እንደገና ወጉት። አንድ የግል ክሊኒክ "ፀሐይ አላገኘም፣ አጥንቱ ላልቶ ነው" ብሎ ካልሲየም አዘዘ፤ እኔም ጧት ጧት ራቁቱን ደጅ ፀሐይ ላይ ይዤ መቀመጥ ሆነ ሥራዬ። ሌላው ደግሞ "ሲወለድ ታፍኖ ነው" አለኝ። አልታፈነም ስለው "እናቶች አያስተውሉም" ብሎ መለሰልኝ። እኔ የልጄን ትንፋሽ እየቆጠርኩ የማድር ሴትዮ ነኝ የማላስተውለው!

ዘመድም ዝም አላለም። አማቴ ራህመት ይባላሉ፤ ልጆቻቸው በኦሮምኛ "አዮ"፣ እናቴ ይሏቸዋል፣ እኔም እንደዚያው ነው የምጠራቸው። አዮ "እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ" አሉ። የሚቆርጠውን ሰው ሳይቀር ከሊሙ ይዘውት መጡ። ልጄን ታቅፌ ጎረቤት ገብቼ በር ዘጋሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ሆነ። ጡቷ ቀዝቃዛ ነው፤ እርጉዝ ሆና መኪና ላይ ጎንበስ ብላ ስትውል ልጁን ቀጠቀጠችው፤ የከተማ ሴት ናት፣ ልጅ መያዝ አታውቅም። ከሁሉ የማልረሳው ግን ለመጣው ሰው ሁሉ የሚደጋግሟት አንዲት ቃል ነበረች፤ "በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም" ይላሉ።

ኢምራን ዓመት ሳይሞላው ትንፋሹ እያጠረ እያጠረ ሄደ። "አላህ የሰጠውን ወሰደ" አሉኝ። አሜን አልኩ፤ ሆዴ ግን አሜን አላለም።

ሂክማን ስወልድ ሁሉም "አሁን አላህ ይክስሻል" አለኝ። ሁለት ወር ሳይሞላት አወቅሁ። እናት ስለሆንኩ አይደለም፤ አንዴ አይቼዋለሁ። እግሮቿ ሲዘረጉ ያንኑ አዘረጋግ አየሁና ልብስ ሊያሰፉ የመጡ ሰዎች ፊት ጮህኩ። ነስሩ ግን አላምንም ብሎ "አቦ ሰሚራ፣ ነገር አትፈልጊ፣ ሕፃን ሁሉ እንዲህ ነው" አለኝ። ማታ ማታ ተነስቶ ግን አንገቷን በጣቱ ቀና እያደረገ ሲሞክር አይቼዋለሁ።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰድናት። እዚያ መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከጌራ፣ ከአጋሮ፣ ከቦንጋ ድረስ የመጣ ሰው ተደርድሮ ይጠብቃል። ካርድ ቤት የምትቀመጠው ልጅ ስም ስትጠራ አንገቷን አታቀናም፤ ስምህ አንዴ ካለፈህ አለፈህ ነው። ተማሪ ሐኪሞች እየመጡ ልጄን ገልብጠው አይተው፣ በእንግሊዝኛ ተነጋግረው ይሄዳሉ። አንዱ ብቻ፣ ከደቡብ የመጣ ወጣት ዶክተር፣ ተንበርክኮ ከዓይኗ ጋር እኩል ሆነና ጠበቀ። አፏን እስክትከፍት ነው የጠበቀው።

"እናት፣ ምላሷን ልብ ብለሽ አይተሽዋል?" አለኝ።

አየሁ። የምላሷ ጠርዝ ይርገበገብ ነበር፤ ከስሩ ጥቃቅን ነገር የሚርመሰመስ ይመስል ነበር። ኢምራንም እንደዚያ ነበር፤ ብርድ ነው ብዬ እሸፍነው ነበር።

ዶክተሩ ወረቀት አልዘረጋም፤ ቀስ ብሎ ነገረን። ጡንቻን የሚያዙ ነርቮች እየሞቱ ይሄዳሉ። ጡንቻው የሚያዘው ሲያጣ ይሟሽሻል፤ መጨረሻ ላይ የመተንፈሻው ተራ ይደርሳል። በዘር የሚመጣ ነው። "ሁለታችሁም ጤነኛ ናችሁ። ግን እያንዳንዳችሁ አንድ ደህና አንድ የተበላሸ የዘር ቅንጣት ይዛችኋል። አንዱ ደህና ስለሆነ እናንተ አትታመሙም። ልጅ ግን ከሁለታችሁም የተበላሸውን ከወሰደ ይታመማል። በየእርግዝናው ከአራት አንድ ዕድል አለው" አለን። መድኃኒት አለው ወይ ስለው ዓይኑን ሰበረ። ውጭ አገር አለ፤ ዋጋው ለእናንተ አይነገርም አለ። ባይነግረኝ ይሻለኝ ነበር ብዬ ተቆጣሁት። ምስኪን፣ እሱ ምን አደረገ።

"ዝምድና አላችሁ?" ሲል ጠየቀ።

ነስሩ ቀና አለ። "ኧረ ዶክተር! እኛ ዘር ሳይቆጠር አንጋባም። የአባትም የእናትም ጎሳ ተቆጥሯል፣ ንጹሕ ነው" አለው፤ ትንሽ ተቀይሞም ነበር።

"ዘመድ ያልሆነ ሰውም ሊገጥመው ይችላል" አለ ዶክተሩ፣ አልተከራከረም።

የሂክማ ደም ወደ ውጭ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሩ ያለው ሆኖ ተገኘ። ሂክማ ግን ውጤቱን አልጠበቀችም፤ ከተቀበረች በኋላ ነው የደረሰው።

ለቅሶው ሳይወጣ አዮ ልጃቸውን ሊሙ ጠርተው "ሌላ አግባ፣ ሸሪዓው ይፈቅድልሃል" አሉት። እሱ ነገረኝ፤ ባይነግረኝም ሙና ነግራኝ ነበር። "ምን አልካቸው?" ስለው "ዝም አልኩ" አለ። የነስሩ ዝምታ ጥሩም መጥፎም ነው፤ እምቢ ማለት ሲያቅተው እሺም አይልም።

መንገዱን ያሳየን ያው ወጣት ዶክተር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከማህፀን ውጭ ፅንስ የሚያዘጋጁ ክሊኒኮች አሉ አለን። የሴቷን እንቁላል አውጥተው ከባሏ ዘር ጋር ላብራቶሪ ውስጥ ያገናኙታል። ፅንሱ ጥቂት ቀን ሲያድግ ከእያንዳንዱ ላይ የተወሰኑ ሴሎች ይወሰዱና ለዘር ምርመራ ውጭ አገር ይላካሉ፤ ፅንሶቹ እስከዚያው በረዶ ውስጥ ይቆያሉ። በሽታው የሌለበት ከተገኘ ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል። "ማለትም ከመርገዝሽ በፊት ታውቂያለሽ" አለኝ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ከኢምራን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ሳብኩ።

ሐራም ነው ያሉን አልጠፉም። ሰፈራችን ያሉት ሼኽ ዘንድ ሄድን። "ከባልና ከሚስት ነው? ሌላ ሰው አልገባበትም?" ብለው ጠየቁ። አልገባበትም ስንል "እንግዲህ መታከም ነው፤ ታከሙ" አሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ እንዲህ በአጭሩ የመለሰልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ነስሩ ከአባቱ የወረሰውን የቡና ማሳ ሸጠ። ስለ ገንዘቡ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለምርመራው ዝግጅት የእኛ ደም ብቻ አልበቃም፤ የተበላሸው ነገር በየትኛው ወገን እንደመጣ ለመለየት የወላጆቻችን ደምም ይፈለጋል ተባለ። የሁለታችንም አባቶች በሕይወት የሉም። ስለዚህ እናቴ ከጊንጆ ጉዱሩ፣ አዮ ከሊሙ መጥተው ጅማ አንድ የግል ላብራቶሪ ውስጥ ደም ሊሰጡ ተቀመጡ። ሁለቱ ከሠርጉ ወዲህ ለቅሶ ላይ ብቻ ነው የሚገናኙት፤ የለቅሶ ቀን ደግሞ ወሬ የለም። አዮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። መጠበቁ ረዘመ። እናቴ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አትችልም፤ መርፌም ትፈራለች።

"እናቴ እንኳ በሕይወት ብትኖር እሷንም አምጧት ይሉን ነበር" አለች እየሳቀች። "ከዲጃ፣ አላህ ይርሐማት። የሰቃዋ የአባ ገሮ ልጅ። አንድ እህት ነበረቻት፣ ዘይነባ የምትባል፤ እኔ ሳልወለድ ወደዚያ ወደ እናንተ ወደ ሊሙ ተድራ ሄዳ ጠፋች። ምን ትሆን ይሆን እያለች እናቴ እስክትሞት ታነሳት ነበር።"

አዮ ሻርፓቸውን ሳቡ። ያን አሳሳብ አውቀዋለሁ፤ ነገር ሲሸሹ ነው።

"አዮ፣ የእርስዎ እናት ስማቸው ማን ነበር?" አልኳቸው።

የሻርፓቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠመጠሙ።

"አዮ?"

"ዘይነባ" አሉ።

ነስሩ ቆሞ ነበር፣ ተቀመጠ። እናቴ ገና አልገባትም፤ "የእኛዋ ዘይነባ? የሰቃዋ?" እያለች የአዮን እጅ ያዘች። ልታቅፋቸው ነበር! የጠፋችውን አክስቷን ልጅ አገኘች፣ ደስ አላት። እኔ ግን የአዮን ፊት ነበር የማየው። እሳቸው አልተገረሙም።

"ያውቁ ነበር" አልኩ።

"በሠርጉ ቀን ነው ያወቅሁት" አሉ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው። "እናትሽ ከሴቶች ጋር ተቀምጣ 'የአባ ገሮ የልጅ ልጅ ነኝ' ስትል ሰማሁ። ምን ላድርግ? ወንዶቹ ቆጥረው ጨርሰዋል፣ ዱአ ተደርጓል። እኔ ማነኝ? ማን ጠየቀኝ?"

ይገባችሁ እንደሆነ ላስረዳ። አያቶቻችን የእናትና የአባት እህትማማቾች ናቸው። ግን ከዲጃ አንድ ጎሳ አገባች፣ ዘይነባ ሌላ ጎሳ። ልጆቻቸው፣ ማለትም እናቴና አዮ፣ የየአባቶቻቸውን ጎሳ ያዙ። ስለዚህ ሽማግሌ የእናትሽ ጎሳ ማነው ሲል መልሱ ለየብቻ ነው፤ ንጹሕ ነው። የእናት እናት ግን ቆጠራው ውስጥ የለችም። ሰባት ቤት የሚወርዱት ሰዎች አንዲት ሴት ወደ ላይ አይወጡም። ዝምድናችን በዚያ በማይቆጠረው መንገድ መጣ፣ በሽታውም በዚያው መንገድ መጣ። የደሙም ውጤት ሁለቱም እናቶች ተሸካሚ መሆናቸውን፣ ማለትም ራሳቸው ሳይታመሙ የተበላሸውን መያዛቸውን አሳየ።

ሠርግ ማፍረስ እንደሚከብድ አውቃለሁ። አዮ ያን ቀን ዝም ማለታቸውን ይቅር ማለት እችል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ልጅ ሲሞት፣ ደማችን አንድ መሆኑን እያወቁ፣ ሰው ፊት ጡቴን ሲሰድቡ ከረሙ። ያን ይቅር አላልኩም። ዛሬም አላልኩም።

ያን ዕለት ማታ ነስሩን "ያኔ ተጠይቆ ቢሆን አላገባህም ነበር" አልኩት። ክፉ ነገር ነው የተናገርኩት፤ እውነትም ነው። "እኔ ግን ያንንም አውቄ ለጋብቻ እጠይቅሽ ነበር" አለኝ። ሁለታችንም አለቀስን።

ሕክምናው ተጀመረ። የእንቁላል ማብዣ መርፌ በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ከፍሪጅ መውጣት የለበትም። የእኛ ሰፈር መብራት እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጄኔሬተር ያለው ጁስ ቤቱ ብቻ ስለሆነ መርፌዬ ከአቮካዶና ከማንጎ ጎን ተቀምጦ ከረመ። ባለቤቱ የስኳር በሽታ መድኃኒት መስሎት "አይዞሽ፣ ስኳር ያለበትን ጁስ አልሰጥሽም" ይለኝ ነበር። አላረምኩትም።

የመጨረሻዎቹን መርፌዎች የወሰድኩት አዲስ አበባ ነው። የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ያምራል፤ ሶፋ አለው፣ የአበባ ሥዕል አለው፣ የሳቁ የፈረንጅ ሕፃናት ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶታል። ማን እንደሰቀለው አላውቅም፤ ልጅ ያጣች ሴት እንዳልሰቀለችው ግን እርግጠኛ ነኝ። ሴቶቹ አይተያዩም። ሁሉም ስልኳን ታያለች። እዚያ ነው ማርታን ያገኘኋት። የሆሳዕና ልጅ ናት፣ ጅማ ኮሌጅ ውስጥ ትሠራለች፣ ጴንጤ ናት። የእኔን አማርኛ ሰምታ "የጅማ ናት ብያለሁ!" ብላ አጠገቤ መጣች። እዚያው ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተን ተከራየን። ራሴን መውጋት ሲያቅተኝ መርፌውን የምትወጋኝ እሷ ነበረች፤ እየወጋችኝ "በኢየሱስ ስም" ትላለች፣ እኔ "ቢስሚላህ" እላለሁ። ከሁለት አንዱ ይሰማል ብለን እንስቅ ነበር። ለእሷ ግን አልተሳካላትም። በኋላ ደውዬ ስለ አየሩ አወራሁላት።

እንቁላል ካወጡልኝ በኋላ ሆዴ አብጦ ወደ ጅማ ስመለስ የመንገዱን እያንዳንዷን ጉድጓድ በሆዴ ቆጠርኳት። ከዚያ ውጤቱን መጠበቅ መጣ፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር የምቆርጠው ጨርቅ ይበላሻል። በመጨረሻ የክሊኒኩ ዶክተር ደወለችልኝ። ለምርመራ የደረሱት ፅንሶች አራት ነበሩ። ሁለቱ በሽታው አለባቸው። አንዱ ፈጽሞ ንጹሕ ነው። አንዱ ተሸካሚ ነው። በሽታው ስላለባቸው ሁለቱ ስትነግረኝ ኢምራንና ሂክማ መሰሉኝ። ገና ምንም እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ አለቀስኩ ግን።

መጀመሪያ ንጹሑ ገባ። አልያዘም። ለምን ብዬ ስጠይቅ "አንዳንዴ ምክንያቱ አይታወቅም" ተባልኩ። ይህን ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። ምርመራው በሽታውን ይለያል እንጂ ልጅ እንደሚወለድ ቃል አይገባም። ሁሉን ሸጣችሁ ባዶ እጃችሁን ልትመለሱ ትችላላችሁ።

ቀረ ተሸካሚው። እዚህ ላይ ነው ሊሙ ላይ ቤተ ዘመድ የተሰበሰበው፤ ማሕፀኔ የጋራ ማሳ ሆኖ። አዮ "ተሸካሚ" የምትለዋን ቃል ሰምተው "ያው በሽታ እኮ ነው፤ ይቅር፤ ዲሲ" አሉ። ዲሲ ማለት ተዪው ማለት ነው። ነስሩም አመነታ፤ "ንጹሕ እስኪገኝ ብንጠብቅስ" አለኝ። ምን ሽጠን እንደምንጠብቅ አልነገረኝም።

ያኔ ፈነዳሁ። "ተሸካሚ ማለት እኔ ነኝ" አልኩ። "ተሸካሚ ማለት ልጅዎ ነስሩ ነው። አዮ፣ ተሸካሚ እርስዎ ነዎት! ምን ሆነዋል? ይኸው ከሊሙ ጅማ ሲመላለሱ፣ ሲቆጡ፣ ሲድሩ፣ ሲሸሽጉ ኖረዋል። እኔ የምፈልገው እርስዎን የመሰለ ጤነኛ ልጅ ነው፤ አፉ ብቻ በጊዜው የሚናገር።"

ለአማች እንዲህ አይነገርም። ሙና አፏን በሻርፕ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ነስሩ ተነሳና "እንሂድ" አለ። ወዴት ብዬ ስጠይቀው "አዲስ አበባ" አለኝ።

ያዘ። የእርግዝናውን ወራት አልተርክም፤ እየፈራሁ አለፈ። ልጄ ነጃት ተወለደች። ሁሉም ሲያመሰግን እኔ ምላሷን ነበር የማየው። ከዚያ በኋላም በየጧቱ አገጯን ዝቅ አድርጌ አያለሁ፤ ዶክተሩ "ተይ አሁን፣ ምርመራው እኮ አረጋግጧል" ይለኛል። እሱ ምን ቸገረው። ሦስት ወር ሲሞላት በሆዷ አስተኛኋት። ትንሽ አጉረመረመች፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ አነሳች፣ የልብስ ስፌት መኪናዬን አየች። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ሆዴም አሜን አለ። አሁን ትሮጣለች፤ ክር ትጎትታለች፣ መቀሴን ደብቄ አልችላትም። አድጋ ልታገባ ስታስብ እሷም የምታገባውም ደማቸውን ይመረመራሉ፤ ይህን ከፊደል እኩል ነው የማስተምራት።

ባለፈው ሰሞን ሙና ታጨች። ልጁ ከአጋሮ ነው። ሊሙ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ አባ ዲኮ እንደ ድሮው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አባቶች አንድ በአንድ ወረዱ። የእናት ጎሳ ተጠየቀ፤ አይገናኝም። እኛ ጓዳ ነን። ነጃት ጭኔ ላይ ናት። አዮ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። "ንጹሕ ነው፣ ዱአ እናድርግ" ሲሉ ሰማሁ።

አዮን አየኋቸው። እሳቸው ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አላህ ያውቃል፣ ጠበቅሁ። ሻርፓቸውን ሳቡ።

ነጃትን ይዤ በሩ ላይ ወጣሁ። "አባ ዲኮ፣ አፉ ይበሉኝ። የልጁ እናት እናት ማን ይባላሉ? የየት ሰው ናቸው?"

"ይሄ ደግሞ የምን ቆጠራ ነው?" አለ አንዱ። አባ ዲኮ ግን የልጁን አባት ዞረው አዩት። የአባቶቹን ስም እስከ ላይ ድረስ እንደ ውሃ የጠጣ ሰው ነው። "የባለቤቴ እናት... አዮ ነው የምንላቸው" አለ። ስማቸውን አያውቀውም። ከተቀመጡት ወንዶች አንድም የሚያውቅ የለም። ልጁ ራሱ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል።

ሙና ከኋላዬ መጣች። "ይደወል" አለች። ሙሽራ በዚያ ሰዓት አትናገርም፤ ተናገረች።

የልጁ አባት ሚስቱ ጋ ደወለ፣ ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ ከፈተው። "የእናትሽ ስም ማነው?" አላት።

"የእናቴ?" አለች ሴትየዋ፤ ደነገጠች። "ምነው፣ ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነችም። ስሟን ነው።"

"ዛራ። የጌራ ሰው ናት። እህቷ ፋጤ እዚያው ጌራ ናት፣ ሌላ እህት የላትም። ይሄን ሁሉ ዓመት ኖረን ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?"

ሰቃ የለም፣ አባ ገሮ የለም። በእናትም አይገናኙም። "ይኸው፣ ምንም የለም" አሉ አባ ዲኮ፤ ዱአ ተደረገ። ከዚያ ፊታቸው ያለውን ሻይ አንስተው ጠጡ። ገና ትኩስ ነበር፤ እፍ እያሉ ነው የጠጡት። ለኢምራንና ለሂክማ ያልተደወለው ስልክ ይህችን ያህል ጊዜ ነበር የሚወስደው።